የተጫነ ማይል፦ አምቡላንስ ሕክምና ነው ወይስ ትራንስፖርት?

አሜሪካ ውስጥ 911 ደውሎ ሆስፒታል የደረሰ ሰው፣ ከሆስፒታሉ ሂሳብ ሌላ ለብቻው የሆነ አንድ ፖስታ ከሳምንታት በኋላ ይደርሰዋል። የአምቡላንሱ ሂሳብ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዋና ዋና መስመሮች አሉት። የመጀመሪያው መነሻ ዋጋ ነው። ሁለተኛው በማይል የሚታሰብ ሲሆን፣ የሚቆጠረው ሕመምተኛው መኪናው ላይ ከተጫነበት ቦታ አንስቶ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለው መንገድ ብቻ ነው። በሂሳብ ሠራተኞቹ ቋንቋ “የተጫነ ማይል” ይባላል። መነሻ ሲደመር የተጓዝነው መንገድ። አዲስ አበባ ላይ ራይድ የጠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስሌት ነው። ልዩነቱ ራይድ ከመሳፈራችን በፊት ግምቱን ስልካችን ላይ ያሳየናል።

“አምቡላንስ እንዳትጠሩብኝ፣ በኡበር ውሰዱኝ” የሚለውን ወሬ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሚኒያፖሊስ ዘመድ ያለው ሰው ሳይሰማው አይቀርም። እኛም ሰምተን ስቀናል፤ ቀልድ መስሎን። ቀልድ አለመሆኑን ስናውቅ ግን አንድ ጥያቄ መጣብን። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በታክሲ ስሌት የሚያስከፍል አገር እንዴት ተፈጠረ?

“ካፒታሊዝም ነዋ!” የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ብዙም አያስረዳም። ይኸው አገር በ1986 ባወጣው ሕግ፣ የድንገተኛ ክፍል በር የደረሰን ሰው ሆስፒታሉ ገንዘብ ኖረውም አልኖረው መርምሮ ከአደጋ እንዲያወጣው አስገድዷል። (ሂሳቡ ኋላ ይመጣል፤ በሩ ግን አይዘጋም።) በ2020 ደግሞ ያልመረጥነው ሐኪም በድንገተኛ ክፍል ያከመንን ዱብ ዕዳ ሂሳብ እንዳይልክብን ከልክሏል። ታዲያ ከቤት እስከዚያ በር ያለው መንገድ ለምን ተረሳ? እንደሚመስለን መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነው። አምቡላንስ በሕግ መዝገብ ላይ የተጻፈው “መኪና” በሚለው ርዕስ ሥር ነው፤ ውስጡ ያለው ነገር ሲለወጥ ርዕሱን የለወጠለት ሰው አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር የፈረንጆቹ ናቸው።)

ሆስፒታሉ ይሄድ በነበረ ጊዜ

ከቃሉ እንጀምር። “አምቡላንስ” ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው “የሚንቀሳቀስ ሆስፒታል” የሚል ሐረግ ነው። መኪና የሚል ነገር ውስጡ የለም። የናፖሊዮን የጦር ሐኪም የነበረው ዶሚኒክ ዣን ላሬ ቁስለኞችን ከውጊያው መሀል የሚያወጡ ፈጣን ጋሪዎችን አዘጋጅቶ “በራሪ አምቡላንስ” ብሎ ሲጠራቸው፣ ሐኪሙና መሣሪያውም አብረው ይሄዱ ነበር።

የእኛም ታሪክ ይህን የቀድሞ ትርጉም ያውቀዋል። ጣሊያን በ1935 ስትወረን ለእርዳታ የመጡት የውጭ አገር ቀይ መስቀል ቡድኖች “የስዊድን አምቡላንስ”፣ “የእንግሊዝ አምቡላንስ” ይባሉ ነበር። እያንዳንዳቸው ድንኳን፣ ሐኪም፣ መድኃኒትና የጭነት መኪና ያላቸው የጦር ሜዳ ሆስፒታሎች ነበሩ። ዲሴምበር 30 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድኑን አምቡላንስ ሲደበድቡ፣ የደበደቡት መኪና ሳይሆን ሆስፒታል ነው።

አሜሪካም በዚሁ መንገድ ነው የጀመረችው። በእርስ በርስ ጦርነቷ ወቅት፣ በ1862፣ ጆናታን ሌተርማን የተባለ የጦር ሐኪም ለቁስለኞች ማንሻ የሠለጠነ ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1869፣ የኒው ዮርኩ ቤልቪው ሆስፒታል በፈረስ የሚጎተቱ አምቡላንሶችን ወደ ከተማው ጎዳና አወጣ። ሐኪም አብሮ ይሳፈር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ግን ወደ ኋላ የመመለስ ዘመን ነው። ሐኪሞቹ ቀስ በቀስ ከጋሪው ወረዱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ደግሞ የሐኪም እጥረት ነገሩን አባባሰው። በብዙ ቦታ የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ። ቃሬዛ የሚገባበት መኪና ያለው ማነው?

የሬሳው መኪና

መልሱ የቀብር አስፈጻሚው ነበር። ሰውን አጋድሞ ለመውሰድ የሚበቃ ረጅም መኪና ያለው እሱ ብቻ ነበርና። በትንንሽ ከተሞች አንዱ መኪና ጠዋት ቀብር ያደርሳል፣ ከሰዓት ቁስለኛ ያነሳል። የመኪና ፋብሪካዎችም ለሁለቱም ሥራ የሚሆን፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከሬሳ መኪናነት ወደ አምቡላንስነት የሚለወጥ ሞዴል ይሸጡ ነበር። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና እንኳ የለውም። ሕመምተኛው መንገድ ላይ ቢሞት ደግሞ ባለመኪናው ደንበኛ አላጣም። (ይቺን ቀልድ እኛ አልፈጠርናትም፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሲቀልዱባት ኖረዋል።)

በ1966 የአገሪቱ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በድንገተኛ አደጋ ሞት ላይ አንድ ሪፖርት አወጣ። ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉን የሚሰጡት 12,000 የቀብር አስፈጻሚዎች መሆናቸውን የጻፈው ይህ ሪፖርት ነው። በ1965 ብቻ 107,000 ሰዎች በአደጋ መሞታቸውንም አስፍሯል። ከቬትናም የተመለሱ ባለሙያዎች “ክፉኛ ከቆሰልን በከተማ ጎዳና ላይ ከምንወድቅ ጦር ሜዳ ብንወድቅ የመትረፍ ዕድላችን ይሻላል” ማለታቸውንም ሪፖርቱ ጠቅሷል።

እዚህ ላይ አንድ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በጁላይ 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሜዲኬርን፣ ማለትም የአረጋውያንን የጤና መድን፣ በፊርማቸው አጸደቁ። ሕጉ አምቡላንስንም ይሸፍናል፤ የሚሸፍነው ግን ሕመምተኛውን በሌላ ማጓጓዣ መውሰድ ለጤናው የማይሆን ሲሆን ነው። አጻጻፉን ልብ እንበል። ሕጉ የሚጠይቀው “ምን ሕክምና ተሰጠው?” ብሎ ሳይሆን “በሌላ መኪና መሄድ ይችል ነበር ወይ?” ብሎ ነው። በጊዜው ይህ ስህተት አልነበረም። በ1965 አምቡላንስ በአብዛኛው በእርግጥም መኪና ነበር። ሕጉ ያየውን ጻፈ።

የሂል ሰፈር ልጆች

ሕጉ ከተጻፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ግን አምቡላንሱ ሌላ ነገር ሆነ። ከለወጡት ሰዎች መሀል ስማቸው ብዙ ያልተነሳላቸውን እንጥቀስ።

ፒትስበርግ፣ ፔንሲልቬንያ። በዚያ ዘመን በከተማዋ ለታመመ ሰው የሚመጣው ፖሊስ ነበር፤ እስረኛ በሚጭንበት መኪና። ሁለቱም ፖሊሶች ከፊት ይቀመጣሉ፣ ሕመምተኛው ከኋላ ብቻውን ይጋደማል። የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሂል ዲስትሪክት ደግሞ ፖሊስ መጥራት ራሱ ሌላ መዘዝ ነበረው። በኖቬምበር 1966 የከተማዋ የቀድሞ ከንቲባና የግዛቲቱ የቀድሞ ገዥ ዴቪድ ሎውረንስ ንግግር ላይ ሳሉ ወደቁ። በወጉ ሳይታከሙ ሆስፒታል ደረሱ፤ ሳይነቁም ሞቱ። የተቀበላቸው ሐኪም ፒተር ሳፋር ነበር። ዛሬ በየመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናው የምንማረውን የልብና የመተንፈስ ማነቃቂያ ዘዴ ካዳበሩት ሰዎች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የራሱን የ11 ዓመት ልጅ በአስም አጥቷል።

ሳፋር የአምቡላንስ ዕቅዱን ይዞ የተገናኘው ከአንድ የበጎ አድራጎት ፈንድና ፍሪደም ሃውስ ከሚባል የሂል ሰፈር ድርጅት ጋር ነው። ድርጅቱ ለሰፈሩ ሰዎች አትክልት በመኪና ያደርስ፣ ሥራም ያገናኝ ነበር። በ1967 ሥራ አጥ የሰፈሩ ወጣቶች ተመለመሉ። ከቬትናም የተመለሱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱ፣ “አይረቡም” የተባሉ ነበሩ። 300 ሰዓት ሠለጠኑ። የመተንፈሻ ቧንቧ ማስገባት፣ ደም ማቆም፣ ልብ ማነቃቃት ተማሩ። በመጀመሪያው ዓመት ከ4,600 በላይ ሕመምተኞችን እንዳደረሱና ወደ 200 የሚሆን ሕይወት እንዳተረፉ ሳፋር ከሰበሰበው መረጃ ይነገራል። በ1974 የሕክምና ኃላፊያቸው የሆነችው ወጣቷ ሐኪም ናንሲ ካሮላይን ከእነሱ ጋር እየሠራች ያዘጋጀችው ትምህርት ለመላ አገሪቱ የፓራሜዲክ ሥልጠና መሠረት ሆነ።

መጨረሻቸው ግን አላማረም። የከተማው አስተዳደር በ1975 የራሱን አገልግሎት አቋቋመና ፍሪደም ሃውስ ተዘጋ። አዲሱ አገልግሎት በብዛት ነጮችን ቀጠረ፤ ከፍሪደም ሃውስ የተሻገሩትም አብዛኞቹ በፈተናና በደረጃ ምክንያት ተገፍተው ወጡ። ሙያው ቀረ፣ ባለሙያዎቹ ሄዱ።

ከዚህ በኋላ አምቡላንስ መኪና ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሂሳቡ ግን ያንን አልሰማም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

በ1973 ኮንግረስ የድንገተኛ ሕክምና ሥርዓቶችን የሚያቋቁም ሕግ አወጣ፤ ከፌዴራል መንግሥት ለየአካባቢው ገንዘብ ተበተነ። ገንዘቡ መጀመሪያ ነበር፤ ማስኬጃውን ራሳችሁ ፈልጉ የሚል። በ1981፣ በሬገን ዘመን፣ እሱም ከሌሎች የጤና በጀቶች ጋር ተጠቅልሎ ለግዛቶች በጅምላ የሚሰጥ ሆነ። የቀብር አስፈጻሚዎቹ ወጪው ስለከበዳቸው ወጥተዋል። በየቦታው የተተኩት ደግሞ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ጋ እሳት አደጋ፣ ሌላው ጋ የግል ኩባንያ፣ ሌላው ጋ ሆስፒታል፣ ገጠር ደግሞ በጎ ፈቃደኞች። ሁሉም ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ሁሉም የሚልኩት ያንኑ የመኪና ሂሳብ ነው።

ለአምቡላንስ አገልግሎቶቹ ፍትሐዊ እንሁን። የአምቡላንስ ትልቁ ወጪ መንዳቱ አይደለም፤ መጠበቁ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንም ሳይደውል ሁለት ሰዎች ነቅተው ይቀመጣሉ፤ መኪናው፣ መድኃኒቱ፣ የልብ መቆጣጠሪያው ዝግጁ ነው። ይህን ዝግጁነት ግን በቀጥታ የሚከፍል የለም። የሚከፈለው ሰው ሲጫን ነው። ፓራሜዲኮቹ ስኳሩ የወረደበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው አንቅተውት፣ “ሆስፒታል አልሄድም” ካለ፣ በሜዲኬር መደበኛ ደንብ ክፍያ የለም። ያዳኑት ሰው አለ፤ የተጫነ ማይል ግን የለም። ይህንን ለመለወጥ በ2021 የተጀመረ የሜዲኬር ሙከራ ከተያዘለት ጊዜ ቀደም ብሎ በ2023 መጨረሻ ተዘግቷል።

በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የሜዲኬር ታሪፍም ይህንኑ ቅርጽ ያዘ፤ መነሻ እንደ ሕክምናው ደረጃ፣ ከዚያ ማይል። የሜዲኬር ተጠቃሚ ዓመታዊውን የመጀመሪያ ክፍያ ከጨረሰ በኋላ ከተፈቀደው ዋጋ 20 በመቶውን ይከፍላል፤ አምቡላንሱ ከዚያ በላይ ሊጠይቀው አይችልም። ችግሩ የሚገዝፈው የግል ኢንሹራንስ ባለው ሰው ላይ ነው። አገልግሎቶቹ ከሜዲኬርና ከድሆች መድን ከሜዲኬይድ የሚያገኙት ክፍያ ወጪያችንን አይሸፍንም ይላሉ፤ ጉድለቱን ለመሙላት የሚያዩትም ወደዚህ ሰው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 911 የሚልከው ቅርብ ያለውን መኪና ነው፤ ሕመምተኛው “ከኢንሹራንሴ ጋር ውል አላችሁ?” ብሎ አይመርጥም። ደንበኛው በ911 በኩል ስለሚመጣለት፣ አምቡላንሱም ዋጋ ቀንሶ ውል የሚፈርምበት ምክንያት ትንሽ ነው። እንበል አምቡላንሱ 1,500 ዶላር ጠየቀ፤ ኢንሹራንሱ “ተገቢው 600 ነው” ብሎ በዚያ ልክ ከፈለ። የቀረው 900 በፖስታ ለሕመምተኛው ይመጣል። ሄልዝ አፌርስ የተባለው መጽሔት በ2020 ያወጣው ጥናት ከ2013 እስከ 2017 ያለውን የአንድ ትልቅ ኢንሹራንስ መረጃ አይቶ፣ ከአምቡላንስ ጉዞዎች 71 በመቶው ለእንዲህ ያለ ሂሳብ የተጋለጡ መሆናቸውን አግኝቷል። መካከለኛው መጠን በየብስ 450 ዶላር፣ በአየር 21,698 ዶላር ነበር።

ሄሊኮፕተሩ አየር መንገድ ነው ሲባል

“በአየር” ያልነው የታሪኩን አስገራሚ ክፍል ያመጣል። በ1978 ኮንግረስ የአየር መንገዶችን ዋጋ ነፃ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ዓላማው የአውሮፕላን ቲኬት በውድድር እንዲረክስ ነበር። ሕጉ ግዛቶች በአየር አጓጓዦች ዋጋ ላይ እንዳይገቡ ይከለክላል። ዓመታት አልፈው ግዛቶች የሕክምና ሄሊኮፕተሮችን ዋጋ ለመግራት ሲሞክሩ፣ ኩባንያዎቹ “እኛ አየር አጓጓዥ ነን” አሉ፤ ፍርድ ቤቶችም ተስማሙ። ራሱን ስቶ ከተራራ የሚነሳ ሰው ቲኬት አወዳድሮ እንደሚገዛ መንገደኛ ተቆጠረ። የኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳወጣው፣ በ2017 የአንድ የሄሊኮፕተር ጉዞ መካከለኛ ዋጋ 36,400 ዶላር ገደማ ነበር። እዚህም ላይ የፈረደው ርዕሱ ነው።

በ2020 ማን ተረፈ፣ ማን ቀረ?

በጁን 2018 ቦስተን ውስጥ አንዲት ሴት እግሯ በባቡሩና በመሳፈሪያው መካከል ተቀረቀረ። ሥጋው እስከ አጥንት ተከፍቷል። በቦታው የነበረ ጋዜጠኛ እንደዘገበው፣ እያለቀሰች የለመነችው አምቡላንስ እንዳይጠሩባት ነበር፤ 3,000 ዶላር ነው፣ አልችለውም ብላ። ወሬው በመላ አገሪቱ ተሰማ። ሕመሙ ሳይሆን ሂሳቡ ቀድሞ የታሰባት ሰው ብቻዋን እንዳልሆነች ብዙዎች ያውቁ ነበርና።

በዲሴምበር 2020 ኮንግረስ “ዱብ ዕዳ ሂሳብ ይቁም” የሚል ሕግ አወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ነው። የድንገተኛ ክፍሉ ገባ። ሐኪሙ ገባ። ሄሊኮፕተሩ እንኳ ገባ፤ ምክንያቱም የ1978ቱ ሕግ ግዛቶችን ቢያስርም ፌዴራሉን አያስርም። የቀረው በጎማ የሚሄደው አምቡላንስ ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከተማና እሳት አደጋ ነው፤ ዋጋውን የከተማ ምክር ቤት ይወስናል፤ ጉዳዩ ውስብስብ ነው ተባለና ወደ አማካሪ ኮሚቴ ተላከ። ኮሚቴው በ2024 ባቀረበው ሪፖርት፣ ሕመምተኛው ከ100 ዶላር ወይም ከክፍያው 10 በመቶ ከሁለቱ ካነሰው በላይ እንዳይከፍል መክሯል። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ግን ኮንግረስ ምክሩን ሕግ አላደረገውም።

አንዳንድ ግዛቶች አልጠበቁም። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ውል ላለው አምቡላንስ ከሚከፍለው በላይ እንዳይጠየቅ ከልክላለች። እዚህም ቀዳዳ አለ። ትልልቅ ቀጣሪዎች የሠራተኞቻቸውን ሕክምና ከራሳቸው ካዝና ሲሸፍኑ፣ ዕቅዱ በ1974 በወጣ የፌዴራል ሕግ ስለሚተዳደር የግዛት ሕግ አይደርስበትም። በሥራቸው በኩል መድን ካላቸው አሜሪካውያን ከግማሽ በላዩ በእንዲህ ያለው ዕቅድ ውስጥ ናቸው።

ለዘመድ የሚነገር

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ በሚቀጥለው ስልክ ይህን ንገሩልን። የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የትንፋሽ ማጠር ሲመጣ 911 ይደወል፤ ሂሳብ ሊከራከሩበት ይችላሉ፣ የሞተ የልብ ጡንቻ ግን አይመለስም። ፖስታው ሲመጣ ወዲያው አይከፈል። ዝርዝሩን መጠየቅ፣ ኢንሹራንሱ “አያስፈልግም ነበር” ካለ በጽሑፍ ይግባኝ ማለት፣ አገልግሎቱን ደግሞ ቅናሽ ወይም የረጅም ጊዜ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል። የሚኖሩበት ግዛት ሕግ እንዳወጣና የሥራ መድናቸው የቀጣሪው የራሱ ዕቅድ መሆን አለመሆኑን ዛሬ፣ ጤነኛ ሳሉ፣ ይጠይቁ።

ለራሳችንም አንድ ነገር እናስቀምጥ። እኛ አገር የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ የወጣው በ2002 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራም በ13 ወረዳዎች በዓመቱ ተጀመረ። ስለ መድን ስንነጋገር የምናነሳው ካርድ፣ መድኃኒትና አልጋ ነው፤ ከቤት እስከ ጤና ጣቢያ ያለው መንገድ ብዙ አይነሳም። የአሜሪካኖቹ ሕግ አውጪዎች በ1965 አምቡላንስን አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያስገቡ ክፉ አላሰቡም፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር ሂሳብ ሲቀበሉ ኖረዋል። ስለዚህ አንድ ቀን የመድን ደንብ ሲረቀቅ አጠገቡ የምትቀመጡ አንባቢዎቻችን ካላችሁ፣ አምቡላንሱ በየትኛው ርዕስ ሥር እንደተጻፈ እዩልን።

ቸር ያሰማን።